ሌየሩ ያለ ቦታው ሲያርፍ፦ መሰየም፣ መለወጥ ወይስ ሶፍትዌሩን መፈተሽ?

አንድን አካባቢ የሚያሳዩ ሁለት ሌየሮች (የካርታ መረጃ ንብርብሮች) በካርታ ሶፍትዌር ውስጥ ሲከፈቱ አንዱ ከሌላው ርቆ ቢያርፍ፣ አብዛኛው ተጠቃሚ መጀመሪያ የሚያደርገው «ፕሮጀክሽን» (የምድርን ክብ ገጽ ወደ ጠፍጣፋ ካርታ የሚያወርድ ስሌት) የሚል ቃል ያለበትን መሣሪያ ፈልጎ መጫን ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ መሣሪያ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። አንዱ የፋይሉን መለያ፣ ማለትም ቁጥሮቹ በየትኛው የማጣቀሻ ሥርዓት እንደተጻፉ የሚናገረውን መግለጫ ብቻ ይቀይራል፤ ሌላው ቁጥሮቹን እንደገና ያሰላል፤ ሦስተኛው ፋይሉን ሳይነካ የእይታውን ሥርዓት ብቻ ይለውጣል። ሦስቱም ለጊዜው በስክሪኑ ላይ ተመሳሳይ ውጤት ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ ያለ ምርመራ የተመረጠው መሣሪያ ስሕተቱን በማስወገድ ፈንታ ወደ ፋይሉ ውስጥ አስገብቶ ሊቀብረው ይችላል።

ከዚህ በታች የቀረበው ንጽጽር በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ሌየሩ ከትክክለኛ ቦታው የራቀበት ርቀትና አቅጣጫ የትኛው መፍትሔ እንደሚያስፈልግ በአብዛኛው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ርቀቱን መለካት ይገባል። ምሳሌዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከሁለት የካርታ ሶፍትዌሮች፣ ከኪውጂአይኤስና ከአርክጂአይኤስ ፕሮ ነው፤ ይሁንና አሠራሩ በሌሎቹም ዘንድ ያው ነው።

ርቀቱ ምን ይናገራል?

የሌየሩን መረጃ የሚያሳየውን መስኮት ከፍቶ የአራቱን ጠርዞች ቁጥር ማንበብ ከሁሉም የሚቀድም ተግባር ነው። ቁጥሮቹ ከ180 እና ከ90 የማይበልጡና ብዙ የአስርዮሽ አኃዝ ያላቸው ከሆኑ የኬንትሮስና የኬክሮስ ዲግሪዎች ናቸው ብሎ መነሣት ይቻላል። የምሥራቅ አቅጣጫው ቁጥር ከ166,000 እስከ 834,000 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ ዩቲኤም (ምድርን በዞኖች ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚገልጽ ሥርዓት) መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ዩቲኤም በእያንዳንዱ ዞን መካከለኛ ኬንትሮስ ላይ 500,000 ሜትር ስለሚሰጥና እያንዳንዱ ዞን 6 ዲግሪ ብቻ ስለሚሰፋ በምድር ወገብ ላይ እንኳ ከዚህ ክልል ብዙም አይወጣም። ቁጥሮቹ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ፣ አሉታዊም ሊሆኑ የሚችሉ፣ ግን ከ20,037,508 የማይበልጡ ከሆኑ ደግሞ የድረ ገጽ ካርታዎች የሚጠቀሙበት ዌብ መርካተር የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ስሕተቱ በሺህ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ሲሆን ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መለያው ጠፍቶ ወይም ፈጽሞ ሌላ ሆኖ ነው። በዲግሪ የተጻፈ መረጃ በሜትር የተጻፈ ነው ተብሎ ከተነበበ አገር የሚያህለው ሌየር ወደ ጥቂት ሜትሮች ስፋት ይኮማተራል፤ በዌብ መርካተር መለያ ከሆነ ምድር ወገብና የዜሮ ኬንትሮስ መስመር በሚገናኙበት በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ አንዲት ነጥብ ሆኖ ይታያል። በአንድ የዩቲኤም ዞን የተዛነፈ መለያ ሌየሩን በትክክል 6 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያንሸራትተዋል፤ ይህም በምድር ወገብ ላይ 668 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የመጣ መረጃ የሰሜን መለያ ሲሰጠው የሚፈጠረው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በደቡብ ዞኖች ምድር ወገብ 10,000,000 ሜትር ስለሚባል፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መንደር በሰሜን ዋልታ አጠገብ በረዶ ላይ ያርፋል።

የኬክሮስና የኬንትሮስ መገለባበጥ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ሌየሩ በመንሸራተቱ ብቻ ሳይሆን በመስተዋት እንደታየ ምስል በመገልበጡም ነው። በ45 ዲግሪ ሰሜንና በ10 ዲግሪ ምሥራቅ ያለ ከተማ በ10 ዲግሪ ሰሜንና በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ይገኛል። የዚህ ምንጩ ብዙ ጊዜ ቸልተኝነት ሳይሆን የደንብ ልዩነት ነው፤ ኢፒኤስጂ በተባለው የማጣቀሻ ሥርዓቶች መዝገብ ውስጥ 4326 የሚል ቁጥር ያለው የዲግሪ ሥርዓት ይፋዊ ትርጉም ኬክሮስን ያስቀድማል፣ በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ጂኦጄሰን የተባለው የፋይል ዓይነት ደንብ ግን ኬንትሮስን ያስቀድማል። መለያውን ደጋግሞ መቀየር እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም፤ የሚያስፈልገው ሁለቱን ዓምዶች ማቀያየር ነው፤ ኪውጂአይኤስም ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ በቬክተር (በነጥብ፣ በመስመርና በቅርጽ የተሠራ መረጃ) ጂኦሜትሪ ክፍሉ ውስጥ አለው። መረጃው ከድረ ገጽ አገልግሎት በቀጥታ የሚመጣ ከሆነ በግንኙነቱ ቅንብር ውስጥ የአክሲስ ቅደም ተከተልን የሚገለብጠውን ምርጫ መጠቀም ይበቃል።

በመካከል ያሉት ስሕተቶች እምብዛም ስለማይጠበቁ ብዙ ጊዜ ያባክናሉ። ሌየሩ ወደ ምሥራቅም ወደ ምዕራብም ሳያዘነብል በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ ብቻ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ከራቀ፣ በክብ ሉል ቀመር የተሰላው ዌብ መርካተር፣ ማለትም የኢፒኤስጂ ቁጥሩ 3857 የሆነው፣ በኤሊፕሶይድ (በዋልታዎቹ በኩል ጠፍጠፍ ባለ ሉል) ቀመር ከሚሰላው መርካተር፣ ማለትም ከ3395፣ ጋር ተምታቷል ማለት ነው፤ ልዩነቱ በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ በምድር ወገብ ላይ ግን ዜሮ ነው። ሌየሩ ወደ ጎን 2.337 ዲግሪ ከተንሸራተተ ደግሞ የድሮው ካርታ ዜሮውን የሚቆጥረው ከግሪንዊች ሳይሆን ከፓሪስ ነው። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ከፍ ያለ ወይም ሦስት እጥፍ ያነሰ ከመሰለ ሜትርና ጫማ ተምታተዋል።

ከጥቂት ሜትር እስከ ጥቂት መቶ ሜትር ያለው ስሕተት የተለየ ጠባይ አለው። ቅርጹ ትክክል ነው፣ አቅጣጫው በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ ነው፣ መንገዱም ከመንገዱ ጎን ለጎን ይሄዳል። ይህ የዳተም፣ ማለትም መጋጠሚያዎች የሚለኩበት የምድር ቅርጽና መነሻ፣ ልዩነት ምልክት ነው። በቶኪዮ አካባቢ የድሮው የጃፓን ዳተም ከአዲሱ ጋር 450 ሜትር ያህል ይለያያል፤ በዋናው የአሜሪካ ምድር የ1927ቱና የ1983ቱ ዳተሞች ከ10 እስከ 100 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ከሁለት ሜትር በታች ከሆነ ደግሞ ምድሪቱ ራሷ መንቀሳቀሷን ማስታወስ ይገባል። አውስትራሊያ በዓመት 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለምትጓዝ የ1994ቱና የ2020ው ብሔራዊ ዳተሞቿ 1.8 ሜትር ልዩነት አላቸው። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ልዩነት ከሳተላይት የጀርባ ምስል ጋር በማስተያየት ለመፍረድ መሞከር ግን ስሕተት ነው፤ ምስሉ ራሱ በጥቂት ሜትሮች ሊዛነፍ ይችላል።

ሦስቱ መሣሪያዎች ሲነጻጸሩ

መሰየም ማለት ቁጥሮቹን ሳይነኩ «እነዚህ ቁጥሮች በዚህ ሥርዓት የተጻፉ ናቸው» ብሎ ለሶፍትዌሩ መንገር ነው። መለወጥ ማለት መለያው ትክክል መሆኑን አምኖ ቁጥሮቹን ወደ ሌላ ሥርዓት ማስላት ነው። የፕሮጀክቱን ሥርዓት መቀየር ደግሞ ካርታው በየትኛው ሥርዓት ይታይ የሚለውን ብቻ ይወስናል፤ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ሌየር በየመለያው አንብቦ በእይታ ጊዜ ያሰላዋል። ከዚህ የሚከተለው ደንብ አጭር ነው፤ ሌየሩ ያለ ቦታው ካረፈ መሰየም፣ በቦታው አርፎ ሳለ ሥራው ሌላ ሥርዓት ከጠየቀ መለወጥ፣ በቦታው አርፎ የካርታው መልክ ብቻ ከተጣመመ የፕሮጀክቱን ሥርዓት መቀየር። ያለ ቦታው ያረፈን ሌየር በመለወጥ ማስተካከል አይቻልም፤ የተሳሳተ መነሻ ይዞ የተሠራ ስሌት የሚያወጣው ውጤት ያው የተሳሳተ ቦታ በሌላ ቁጥር የተጻፈ ብቻ ነው።

የመሣሪያዎቹ ስያሜ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። በአርክጂአይኤስ «ዲፋይን ፕሮጀክሽን» የሚሰይም፣ «ፕሮጀክት» የሚለው ደግሞ የሚለውጥ ነው፤ ሁለቱ በአንድ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚገኙ አንዱን በሌላው መሳት የተለመደ ነው። በኪውጂአይኤስ ውስጥ ደግሞ መሰየም ራሱ ሦስት ዓይነት ነው፣ ልዩነታቸውም በሚገባ መታወቅ አለበት። ሌየሩን በቀኝ ተጫን አድርጎ የሚመረጠው «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» (ሲአርኤስ ማለት ማጣቀሻ ሥርዓት ነው) መለያውን የሚያስቀምጠው በፕሮጀክቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ፋይሉ ለባልደረባ ሲላክ መለያው አብሮ አይሄድም። «አሳይን ፕሮጀክሽን» የሚባለው የቬክተር መሣሪያ አዲስ ቅጂ ይፈጥራል። «ዲፋይን ሼፕፋይል ፕሮጀክሽን» ደግሞ ከሼፕፋይሉ (በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ከሚቀመጠው የቬክተር ፋይል ዓይነት) አጠገብ የሚቀመጠውንና መለያውን የያዘውን የፒአርጄ ፋይል ራሱን ይጽፋል። ከራስተር (ከፒክሰሎች የተሠራ መረጃ) ጋር በሚሠራው ክፍል ያለው «አሳይን ፕሮጀክሽን» ስሙ ከቬክተሩ ጋር አንድ ቢሆንም ቅጂ ሳይፈጥር ዋናውን ፋይል ስለሚያርም፣ ከመጠቀም በፊት መጠባበቂያ ማስቀመጥ ይበጃል።

እንደ እኔ አስተያየት ለምርመራ የሚመረጠው የመጀመሪያው፣ ማለትም ፋይሉን የማይነካው ነው። ሁለት ወይም ሦስት መለያዎችን ተራ በተራ ሞክሮ ሌየሩ የሚያርፍበትን ቦታ አይቶ፣ ትክክለኛው ከታወቀ በኋላ ብቻ በፋይሉ ላይ መጻፍ ለስሕተት ቦታ አይሰጥም። አርክጂአይኤስን የሚጠቀም ሰው ግን እያንዳንዱ የ«ዲፋይን ፕሮጀክሽን» ሙከራ ፋይሉ ላይ እንደሚጻፍ አውቆ በቅጂ ላይ ቢሞክር ይሻላል።

ከሁሉም የከፋው ጉዳይ አስቀድሞ የተሳሳተ መለያ ተሰጥቶት በዚያ መለያ ላይ ተመሥርቶ የተለወጠ ፋይል ነው። በ1927ቱ የሰሜን አሜሪካ ዳተም የተጻፈ መረጃ ደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ዳተም) ተብሎ ከተሰየመና ከዚያ ወደ ዩቲኤም ከተለወጠ፣ የአሁኑ መለያ ከአሁኑ ቁጥሮች ጋር ፍጹም የሚስማማ ይመስላል፤ ቦታው ግን በአሥርና በመቶ ሜትሮች ተዛንፏል። ዋናው ፋይል ካለ ከእርሱ እንደገና መጀመር ይመረጣል። ከሌለ ስሕተቱ የሄደበትን መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ወደ ተሳሳተው ሥርዓት መለወጥ፣ ቀጥሎ በትክክለኛው ስም መሰየም፣ በመጨረሻም ወደሚፈለገው ሥርዓት መለወጥ። ሦስቱ ደረጃዎች ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ውጤቱም ይዛባል።

መለወጥ በራስተር ላይ ሲሆን ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑም መታሰብ አለበት። እያንዳንዱ ለውጥ የፒክሰሎቹን ዋጋ እንደገና ስለሚያሰላ ደጋግሞ መለወጥ ምስሉን ያደበዝዛል፤ የመሬት አጠቃቀም ምድብን የመሰለ በኮድ የተጻፈ ራስተር ደግሞ በአማካይ ስሌት ከተለወጠ በዝርዝሩ ውስጥ የሌሉ ኮዶች ይወለዱበታል። እንዲህ ላለው የቅርብ ጎረቤት ዘዴን መምረጥ ግድ ነው። ለእይታ ብቻ ከሆነ ምንም ሳይለውጡ በእይታ ጊዜ ለሚደረገው ስሌት መተው የተሻለ ነው።

ዳተሙ ሲለያይ የትኛው ሽግግር ይመረጣል?

መለያዎቹ ሁሉ ትክክል ሆነው የመቶ ሜትር ልዩነት ከቀረ፣ ጥያቄው ከአንዱ ዳተም ወደ ሌላው በየትኛው መንገድ እንሻገር የሚለው ይሆናል። ሦስት መለኪያዎች ያሉት ሽግግር የምድሪቱን መካከለኛ ነጥብ ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ቀላል ነው፣ ትክክለኛነቱ ግን ብዙ ጊዜ በሜትሮች የሚቆጠር ነው። ሰባት መለኪያዎች ያሉት ሽግግር ሽክርክሪትንና የስፋት ለውጥን ይጨምራል። በፍርግርግ ፋይል የሚሠራው ሽግግር ደግሞ ለእያንዳንዱ ቦታ የራሱን እርማት ስለሚሰጥ፣ የድሮው የመሬት ልኬት በአካባቢው ያዛነፈውን ጭምር ያስተካክላል። ፍርግርግ ካለ ፍርግርጉን መምረጥ ይገባል፤ ይህን ለማለት አላመነታም።

ሰባቱን መለኪያዎች በእጅ የሚያስገባ ሰው ግን አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የሽክርክሪቱ ምልክት በሁለት ልማዶች ይጻፋል፤ አንዱ ነጥቡ ዞረ ይላል፣ ሌላው መጋጠሚያዎቹ ዞሩ ይላል፣ ስለዚህም የአንዱ ፕላስ ለሌላው ማይነስ ነው። ኢፒኤስጂ ሁለቱን ዘዴዎች 9606 እና 9607 በሚሉ የተለያዩ ቁጥሮች የመዘገባቸው ለዚህ ነው። ከሰነድ ላይ የተቀዱ መለኪያዎች ስሕተቱን በመቀነስ ፈንታ እጥፍ ካደረጉት፣ ሌላ ነገር ከመጠርጠር በፊት የሦስቱን ሽክርክሪቶች ምልክት ገልብጦ መሞከር ይገባል።

ኪውጂአይኤስ ከአንድ በላይ ሽግግር ሲኖር እንዲጠይቅ ማድረግ የሚቻል ሲሆን፣ በዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱን ትክክለኛነት በሜትር ያሳያል፤ የፍርግርግ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ የሌለውንም ለይቶ ያመለክታል። ጥያቄውን ማጥፋት ምቾት ይሰጣል፤ ነገር ግን ፍርግርጉ የጠፋበት ኮምፒውተርና ፍርግርጉ ያለበት ኮምፒውተር ከአንድ ፋይል ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ያወጣሉ፣ ማንም ሳያስተውል። ውጤታቸው ለሌላ ሰው የሚተላለፍ ሥራዎች ላይ ጥያቄው እንዲበራ ማድረግ የተሻለ ነው።

መለያው በምን መልክ ይጻፍ?

አንድን ማጣቀሻ ሥርዓት ለመጻፍ በዋናነት አራት መልኮች በሥራ ላይ ናቸው። የኢፒኤስጂ ቁጥር ከሁሉም አጭሩና ለስሕተት ከሁሉም ያነሰ የተጋለጠው ነው። መዝገቡን የጀመረው በ1986 የተቋቋመ የአውሮፓ የነዳጅ ቅየሳ ባለሙያዎች ቡድን ሲሆን ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ለታወቀ ሥርዓት ከቁጥሩ የተሻለ ምርጫ የለም። ጥንቃቄ የሚያሻው ቁጥሩ የማን እንደሆነ ላይ ነው፤ 102100 ለምሳሌ የአርክጂአይኤስ አምራች ኤስሪ ለዌብ መርካተር የሰጠው ቁጥር ነው፣ በኢፒኤስጂ መዝገብ ውስጥ አይገኝም። «ኢፒኤስጂ 102100» ብሎ የጻፈ ሰው ሶፍትዌሩ አላውቀውም ቢለው ሊደነቅ አይገባም። 900913 የሚለው የድሮ ቁጥርም «ጉግል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም በአኃዝ ለመምሰል የወጣ መደበኛ ያልሆነ ስያሜ ስለነበር፣ በተገኘበት ሁሉ በ3857 ሊተካ ይገባል።

ከሼፕፋይል ጋር የሚመጣው የፒአርጄ ፋይል በአብዛኛው የሚጻፈው በደብሊውኬቲ (ማጣቀሻ ሥርዓትን በጽሑፍ የመግለጫ ደንብ) የመጀመሪያው ትውልድ የኤስሪ ዘዬ ነው። በጽሑፍ አርታኢ ሲከፈት በአንድ ረጅም መስመር የተጻፉ ስሞች፣ ቅንፎችና ቁጥሮች ይታያሉ። ዋናው ድክመቱ የኢፒኤስጂ ቁጥርን አለመያዙ ነው፤ ስለዚህም ሌላ ሶፍትዌር ሥርዓቱን የሚለየው ስሞቹንና መለኪያዎቹን ከራሱ መዝገብ ጋር በማመሳከር ነው። አንድ ስም በትንሹ ቢለይ ሥርዓቱ «የግል ሥርዓት» ሆኖ ይነበባል፤ ሌየሩ በቦታው ቢያርፍም የዳተም ሽግግሩ ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ጽሑፉን ማረም ሳይሆን ተመጣጣኙን የኢፒኤስጂ ቁጥር መርጦ እንደገና መሰየም ነው።

የፕሮጅ (ብዙ የካርታ ሶፍትዌሮች መጋጠሚያዎችን ለማስላት የሚጠቀሙበት ፕሮግራም) ሐረግ የሚባለው፣ በመደመር ምልክት የሚጀምሩ አጫጭር ቃላት የሚደረደሩበት መልክ፣ ለዓይን ቀላል በመሆኑ ለዓመታት ተወዷል። በ2019 ከወጣው ከፕሮጅ 6 ወዲህ ግን እንደ ሥርዓት መግለጫ ተመራጭ አይደለም፤ ለአብዛኞቹ ዳተሞች ማንነታቸውን የሚይዝበት መንገድ ስለሌለው መለያው ወደዚህ መልክ ተጽፎ ሲመለስ ዳተሙን መንገድ ላይ ይጥለዋል። ኪውጂአይኤስም በግል ሥርዓት ማስገቢያ መስኮቱ ላይ ይህን መልክ የማይመከር ብሎ ምልክት አድርጎበታል። መደበኛ ቁጥር ለሌለው ሥርዓት፣ ለምሳሌ ለአንድ ግድብ ሥራ ብቻ ለተዘጋጀ የአካባቢ ፍርግርግ፣ መመረጥ ያለበት በ2019 የታደሰው የደብሊውኬቲ ሁለተኛ ትውልድ ነው። የግል ሥርዓት በተጠቃሚው የግል መዝገብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ፋይሉን ከሚቀበለው ሰው ዘንድ በዚያው ስም ላይገኝ እንደሚችል አስቦ መግለጫውን በጽሑፍ አብሮ መላክ ይገባል።

የጠፋ ወይም የተበላሸ የፒአርጄ ፋይልን መተካት

ሼፕፋይል ያለ ፒአርጄ ይከፈታል፤ ግዴታ የሆኑት ሌሎቹ ሦስት ፋይሎች ናቸው። ፋይሎች በኢሜይል ሲላኩ ፒአርጄው የሚረሳው በዚህ ምክንያት ነው። ለመተካት ሦስት መንገዶች አሉ። ከጎረቤት ሼፕፋይል ቀድቶ ስሙን መቀየር ከሁሉም ፈጣን ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ በአንድ ጊዜ እንደወጡ እርግጠኛ ለሆነ ሰው ብቻ ይፈቀዳል። በእጅ መጻፍ ይቻላል፣ ግን አልመክረውም፤ አንዲት ቅንፍ ስትጎድል ሶፍትዌሩ ምንም ሳይናገር ፋይሉን ይተወዋል። ሦስተኛውና የተሻለው ከላይ በተጠቀሱት መሣሪያዎች ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲጽፈው ማድረግ ነው።

ፒአርጄው እያለ ሶፍትዌሩ የማያነበው ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያዎችን በሚደብቅበት ኮምፒውተር ላይ በጽሑፍ አርታኢ የተቀመጠ ፋይል በስተመጨረሻው የጽሑፍ ፋይል ቅጥያ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። የፋይሉ ስም ከሼፕፋይሉ ስም ጋር በትልቅና በትንሽ ፊደል ሳይቀር መስማማት አለበት፤ ሊኑክስ ልዩነቱን ያከብራል። የፋይሉ መጠን ዜሮ ባይት ከሆነም ነገሩ ያው ግልጽ ነው። ሌላው የሚዘነጋው ቀደምት የኪውጂአይኤስ እትሞች ከፒአርጄው ጎን ይፈጥሩት የነበረው የኪውፒጄ ፋይል ነው፤ ፒአርጄው በሌላ ሶፍትዌር ታርሞ አሮጌው ኪውፒጄ ከቀረ ሁለቱ ፋይሎች ስለ አንድ ሌየር ሁለት ምስክርነት ይሰጣሉ። አሮጌውን ማጥፋት ነው።

ለራስተር የሚሠራውም ተመሳሳይ ነው። ከምስል ጋር የሚመጣው ባለ ስድስት መስመር የቦታ ፋይል የፒክሰሉን መጠንና መነሻ ነጥቡን እንጂ ማጣቀሻ ሥርዓቱን አይናገርም። ጂኦቲፍ ሥርዓቱን በውስጡ ይይዛል፤ ነገር ግን ኪውጂአይኤስ ፋይል ለማንበብ የሚጠቀምበት ጂዳል የተባለ ፕሮግራም በጎን ያለውን የኤክስኤምኤል ፋይል ከውስጡ መረጃ አስቀድሞ ስለሚያነብ፣ ትክክለኛው ጂኦቲፍ በተሳሳተ የጎን ፋይል ምክንያት ያለ ቦታው ሊያርፍ ይችላል። የጎን ፋይሉን ለጊዜው ወደ ሌላ ማኅደር ወስዶ ራስተሩን እንደገና መክፈት ነገሩን በአንድ ደቂቃ ይለያል።

ችግሩ እንዳይደገም የማስቀመጫውን ዓይነት መቀየርም አማራጭ ነው። በ2014 ደረጃ የወጣለት ጂኦፓኬጅ ሌየሩንም መለያውንም በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚይዝ በመላክ ጊዜ የሚቀር ነገር የለም። ኬኤምኤል የተባለው የፋይል ዓይነት ሁልጊዜ በደብሊውጂኤስ 84 የሚጻፍ በመሆኑ የሚመረጥ ነገር አይኖረውም፤ ሲኤስቪ (የሠንጠረዥ ፋይል) እና ዲኤክስኤፍ (የንድፍ ሥዕል ፋይል) ግን በተለምዶ መለያ ስለማይዙ ሥርዓቱን በፋይሉ ስም ውስጥ መጻፍ የተሻለው ዘዴ ሆኖ ይቀራል። ተቀባዩ ሼፕፋይል ካልጠየቀ በቀር ጂኦፓኬጅን እመርጣለሁ።

ፋይሉ ደኅና ሆኖ ሶፍትዌሩ ሲታመም

ትናንት በትክክል የተከፈቱ ሌየሮች ሁሉ ዛሬ መለያ ካጡ፣ የሥርዓቶቹ ዝርዝርም ባዶ ከሆነ፣ ፋይሎቹን መንካት አያስፈልግም። ኪውጂአይኤስና ሌሎች ብዙ ሶፍትዌሮች የሥርዓቶችን ትርጉም የሚያነቡት «ፕሮጅ ዲቢ» ከሚባል አንድ የመረጃ ቋት ነው። ይህ ቋት ካልተገኘ ወይም የሌላ እትም ቋት ከተገኘ የስሕተት መልእክቱ ቋቱን ማግኘት አልተቻለም ወይም የቋቱ እትም ከሚጠበቀው ያነሰ ነው የሚል ይሆናል። የተለመደው መንሥኤ ሌላ ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ፖስትጂአይኤስ የተባለው የካርታ መረጃ ቋት መጫኛ፣ «ፕሮጅ ሊብ» የተባለውን የኮምፒውተሩን አጠቃላይ ቅንብር ወደ ራሱ ማኅደር ማመልከቱ ነው። ከፕሮጅ 9.1 ወዲህ የዚህ ቅንብር ስም «ፕሮጅ ዳታ» ሆኗል።

ብዙዎች የሚሮጡት ሶፍትዌሩን አጥፍተው እንደገና ወደ መጫን ነው፤ ግማሽ ቀን የሚፈጅና ብዙ ጊዜ ምንም የማይለውጥ መንገድ ነው፣ ምክንያቱም ቅንብሩ ከሶፍትዌሩ ጋር አይጠፋም። ቅንብሩን መሰረዝ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ያስቀመጠው ሌላ ሶፍትዌር በተራው ሊቸገር ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለሚጠቀም ሰው የሚሻለው ቅንብሩን ለኪውጂአይኤስ ብቻ በማስጀመሪያ ፋይሉ ወይም በራሱ የሲስተም ቅንብር ገጽ ላይ መተካት ነው፤ እዚያ የተጻፈው ለሌላው አይተርፍም።

ምንጩ ፈጽሞ ካልታወቀ

ፋይሉን የሠራው ሰው ከሌለና ሰነድም ካልተገኘ ሁለት መንገዶች ይቀራሉ። አንደኛው በኪውጂአይኤስ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ያለው «ፋይንድ ፕሮጀክሽን» ነው፤ ሌየሩ ሊገኝበት የሚገባውን አካባቢ ሲነግሩት እዚያ ሊያሳርፉት የሚችሉትን ሥርዓቶች ይዘረዝራል። ትክክለኛውን ፕሮጀክሽን ለማግኘት ጠቃሚ ነው፣ ዳተምን ለመለየት ግን አይረዳም፤ በመቶ ሜትር የሚለያዩ ሥርዓቶች ሁሉ በአካባቢው ውስጥ ስለሚያርፉ በዝርዝሩ ላይ አብረው ይወጣሉ። ሁለተኛው መንገድ ይህንኑ ይሞላል፤ መጋጠሚያዋ በአስተማማኝ ልኬት የታወቀ አንዲት የመንገድ መገናኛ ወይም የሕንፃ ማዕዘን መርጦ፣ ከዝርዝሩ የወጡትን እጩዎች አንድ በአንድ እየሰየሙ ልዩነቱን በሜትር መመዝገብ። ከሌየሩ ሁለት ጫፎች ሁለት ነጥቦች ቢወሰዱ ይበልጣል፤ በአንዱ ጫፍ የሚስማማ የተሳሳተ ሥርዓት በሌላው ጫፍ ይከዳል።

ከእጩዎቹ የአንዱም ልዩነት ከሚፈለገው ትክክለኛነት በታች ካልወረደ ሌየሩን ያለ መለያ መተው ይቻላል። ኪውጂአይኤስ እንዲህ ላለው ሌየር ከስሙ ጎን የጥያቄ ምልክት ያኖርለታል፤ በቅንብሩም ውስጥ መለያ የሌለው ሌየር ሲመጣ የፕሮጀክቱን ሥርዓት እንዲወስድ፣ ተጠቃሚውን እንዲጠይቅ ወይም ያልታወቀ ሆኖ እንዲቆይ ማዘዝ ይቻላል። ከሦስቱ የመጀመሪያው በጸጥታ ይገምታል፤ የመጨረሻው ደግሞ የጥያቄ ምልክቱን ቀጥሎ ፋይሉን ለሚከፍተው ሰው ያቆይለታል።